ከመንገዱ እንዳይታይ

ደባርቅ፣ መስከረም 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ይርጋለም ታገኘ፤ ነታንያ።

ክረምቱን በሰላም አሻግሮ ለአደይ ያበቃን አምላክ እርስዎን ከነልጅዎ ከአቪሃይ በጤና ያቆይልኝ። እኛ ደኅና ነን። ባለቤቴም፣ ልጄ እየሩስም፣ ዘበኛዬ ቻላቸውም ደኅና ናቸው። በስልክ ልደውልልዎ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ «ሃሎ» ብለው ማልቀስ ሲጀምሩ እኔ አንድ ቁም ነገር ሳልናገር ካርዴ ያልቃል። ስለዚህ እርስዎ እንደሚወዱት በጽሑፍ ይሁን።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? የዘንድሮው ጉድ በግቢዬ በር ላይ ተለጥፎ ነው የመጣ።

ግቢዬን ያውቁታል፤ ከዳባት ሲመጡ ደባርቅ መግቢያው ላይ፣ ያኔ የእናንተ ቤት የነበረበት ቦታ ነው። አሁን ብረት ሞልቶበታል። ከሊማሊሞ ቁልቁለት የተገለበጠ አይሱዙ፣ ሞተሩ የነደደ ሚኒባስ፣ ጥርሱ ያለቀ ወፍጮ፣ ምን አለፋዎ፣ ሞቶ እኔ ዘንድ ያልተቀበረ ብረት የለም። ሰዉ ሬሳ ይለዋል፤ እኔ ግን ከመኪናው ሥር ባሌስትራውን ፈትቼ ለገበሬው ማረሻና ማጭድ አወጣበታለሁ። ከደረስጌ ድረስ በበቅሎ ይመጡልኛል። «የገዱ ማረሻ ድንጋይ ያርሳል» የሚሉት እነሱ ናቸው እንጂ እኔ አላልሁም፤ ውሸት ነውም አላልሁም።

ማስታወቂያው ምን ይላል መሰለዎ? በመንገድ ዳር ያለ የአሮጌ መኪናና የቁርጥራጭ ብረት ማከማቻ ሁሉ ከእንግዲህ ፈቃድ ያወጣል። ፈቃድ የሚያገኘውም ከመንገዱ እንዳይታይ በአጥር ወይም በመጋረጃ ከተከለለ ነው። እስከ ፋሲካ ይህን ያላደረገ ይነሣል። ወዴት? ከከተማው ውጭ፣ ገደል አፋፍ፣ ነፋስና ጅብ እንጂ ገበሬ የማያልፍበት። እዚያ ሄጄ ማረሻ ለጅብ ልሸጥ?

ጉዳዩን የያዘችው ሃና የምትባል ወጣት መሐንዲስ ናት፤ የመንገድ ዳር ኮሚቴው ጸሐፊ። ትሕትናዋ ያናድዳል። «ጋሼ ገዱ፣ ወደ ፓርኩ፣ ወደ ሳንቃ በር የሚወጣ እንግዳ ከተማችን ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የእርስዎን ዝገት ነው» አለችኝ። «የጭላዳ ዝንጀሮ ደረት ለማየት ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው የኔ አይሱዙ ምን ያደርገዋል?» አልኋት። ሳቀች። ሕጉን ግን አልቀየረችውም።

አይጨነቁ፣ ገንዘብ አልጠይቅዎትም፤ ክንዴ ገና ብረት ያጥፋል። ነገር ግን እናንተ አገር አትክልቱን ከፀሐይ የሚጋርዱበት አረንጓዴ መረብ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። እሱን በሚመጣ ሰው ይላኩልኝ። ግቢዬን ዙሪያውን አለብሰዋለሁ፤ ከመንገድ የሚያይ ሰው ጎመን የተከልሁ ይመስለዋል። ለጠየቀኝም «የድሮ ጎረቤታችን ናቸው ከእስራኤል የላኩልኝ» እላለሁ።

ሌላው ወሬ የምሥራች ነው። እየሩስ ታጭታለች። የጠየቃት የመሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ልጅ ነው፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሆናል። መሪጌታ አገር የሚያከብራቸው ሰው ናቸው፤ በኮሚቴውም የሽማግሌዎች ተወካይ ሆነው ተቀምጠዋል። ስለዚህ ከሠርጉ በፊት የግቢዬ ነገር መልክ እንዲይዝ እፈልጋለሁ። ይይዛልም፤ እኔ ገዱ ነኝ።

የጎረቤትዎ የዓለምዬ ልጅ፣
ገዱ


ነታንያ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለገዱ።

አባቶቻችንን በበረሃ የመራ አምላክ በወጣህበት ይውጣ፣ በገባህበት ይግባ። ለእየሩስ ትዳሯን ያቃናላት፤ እልል ብያለሁ፣ የላይ ቤት ሰዎች እስኪደነግጡ ድረስ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ከነገ ወዲያ በዓላችን ስግድ ነው፤ አቪሃይ ወደ ኢየሩሳሌም ይዞኝ ይወጣል።

መረቡን አቪሃይ ይገዛልሃል። የሚሠራው ከአሮጌ ብረት ነጋዴ ዘንድ ነው፤ እዚህም መኪና ይሞታል፣ እዚህም የሚቀብረው የእኛ ሰው ነው። ያንተን ግቢ ነገር ስነግረው «እማዬ፣ የዘር ነው» አለኝ።

የዘር ካልሁ አይቀር አንድ ነገር ልንገርህ። «የድሮ ጎረቤታችን» አልኸኝ። እንዴት ያለ ጎረቤት ነው እባክህ? ሴት አያትህ የአባቴ የታገኘ ታናሽ እህት ነበረች። ተጠምቃ ክርስቲያን ስታገባ አባቴ እንደሞተ ሰው አለቀሳት። ኋላ ግን እናትህ ዓለምዬ አድጋ አጠገባችን ጎጆ ወጣች፤ በአጥሩ ቀዳዳ እየመጣች «አጎቴ» ትለው ነበር፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከአገር ስንወጣ ቤቱንም ቦታውንም ለእሷ የሰጠነው ለዚህ ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች አሉ። ገዱዬ፣ አንተም እንደሷ ሆንህብኝ።

ደግሞ አቪሃይ በስልኩ ያንተን ታፔላ አሳየኝ፤ «ገዱ ብየዳ» ይላል። ባሌስትራ በእሳት አግለህ፣ መስፍ ላይ አስተኝተህ፣ በመዶሻ ስትደበድበው ይኸ ብየዳ ነው? አባቴ ይህንኑ ሲሠራ ስሙ ቀጥቃጭ ነበር። ጠይብ ነበር። ሲብስም ቡዳ ነበር፤ ማረሻውን ከእጁ ተቀብለው ምግባቸውን ከዓይኑ ይሸሽጉ ነበር። አንተ ሽቦ ሰክተህ ስለምትሠራ ብቻ በያጅ ተባልህና ዳንህ።

አልተቀየምሁህም። ማወቅህን ልወቅ ብዬ ነው።

ይርጋለም


ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ይርጋለም።

ስግድን በሰላም ያዋለዎት አምላክ ዓመት ዓመት ያድርስዎ። እኛ ጋ አዝመራው ተሰብስቧል፣ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል። ስለ በቅሎዋ የጻፉትን አነበብሁት፤ ሳቅሁ። እሺ፣ ወደ ግቢው ጉዳይ ልግባ።

መረቡ እስኪደርስ ብዬ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥሁም። ማስታወቂያው «በአጥር ወይም በመጋረጃ» ይል የለ? መጋረጃ ካለ መጋረጃ ነዋ! ጎንደር ወረድሁ። አንድ ጨርቅ ነጋዴ ለቤተ ክርስቲያን ታዝዞ የቀረበት ቀይ የከፋይ ጨርቅ አለው፤ ዳር ዳሩ በወርቅማ ክር ተዘምዝሟል። በረከሰ ዋጋ ለቀቀልኝ። አምጥቼ በመንገዱ በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰቀልሁት። እንዴት እንደሚያምር ቢያዩት! ከኋላው ያን ሁሉ ዝገት ይዞ ከፊቱ ሙሽራ ይመስላል።

በማግሥቱ ጠዋት ከጎንደር የሚመጣው አውቶቡስ ግቢዬ አጠገብ ሲደርስ ረገብ አለ። ሹፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። በመስኮት ያሉት ሁሉ አማተቡ። እኔ በሥራዬ የተደነቁ መስሎኝ እጄን አውለበለብሁላቸው።

ከዚያማ ምኑን ልንገርዎ! ሴቶች በሩ ላይ ጧፍ እያበሩ ይሄዱ ጀመር። አንዲት አሮጊት በትራቸውን ተደግፈው መጡና ቻላቸውን «የማን ታቦት ነው የገባው?» ብለው ጠየቁት። እሱ ደግሞ ሲናገር አፉ በደንብ አይከፈትም፤ «ታቦት አይደለም እማማ፣ አይሱዙ ነው» አላቸው። ጆሯቸው ደከም ያለ ነው። «ኢየሱስ? ተመስገን! ለኛም ሰፈር ደረሰልን!» ብለው መቃኑን ስመው ተሳልመው ሄዱ። ወሬው ገበያ ገባ። በሳምንቱ ስለት የደረሰለት ሰው ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ይዞልኝ መጣ። እኔ ምን ልበል? «የሚቀበል የለም» ስለው «ትሑት አገልጋይ ነህ» አለኝ።

በመጨረሻ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ራሳቸው መጡ። መጋረጃውን በመቋሚያቸው ገለጥ አድርገው ወደ ውስጥ አዩ። ጎማ የሌለው ሚኒባስ፣ በሩ የተገነጠለ አይሱዙ፣ በአናቱ ላይ ዶሮ ተኝታበታለች። ከዚያ «ገዱ» አሉኝ፣ «ሕዝበ ክርስቲያኑን ለተሰበረ ፍሬቻ አሰገድኸው!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ደግነቱ፣ ፊታቸውን አዙረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ይሳቁ ያልቅሱ አላወቅሁም። ያኑ ዕለት መጋረጃውን አወረድሁ። ከፋዩንም ጃንጥላውንም ለደብሩ አስረከብሁ። አሁን እንግዲህ የእርስዎን መረብ ነው የምጠብቀው። በቶሎ ይላኩልኝ፤ ጎመን መምሰል ቤተ ክርስቲያን ከመምሰል ይሻላል።

ገዱ


ነታንያ፣ ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለገዱዬ።

የሳቅ ዘመን ያብዛልህ፤ እኔን እንዳሣቅኸኝ። ደብዳቤህን አቪሃይ ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ አይሱዙው ጋ ሲደርስ ሁለታችንም ወደቅን። ጉልበቴን እንኳ ረሳሁት።

መረቡ ግን አልተሳካም። የላክሁበት ሰው ሻንጣው ከበደና አውሮፕላን ጣቢያ ጥሎት ሄደ። ተወው፣ አንተ በድንጋይ አጥር። የስሜን ድንጋይ መቼ አለቀ?

አንድ ጥያቄ አለኝ። መሪጌታ ልጅህን ለልጃቸው ሲጠይቁ እስከ ሰባት ቤት ዘር ተቆጥሯል አይደል? ሲቆጠር አባቴ የት ቤት ላይ ገባ?

ይርጋለም


ደባርቅ፣ የካቲት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ይርጋለም።

ጤናዎን፣ ዕድሜዎን፣ ጉልበትዎን የሰጠ ጌታ ይጨምርልዎ። እንዳሉኝ በድንጋይ አጠርሁት። ቻላቸውና እኔ ከጧት እስከ ማታ ስንደረድር ሰነበትን። አሁን ከአስፋልቱ ላይ ቆሞ አንድ ብሎን የሚያይ ሰው ካለ ዓይኑ የአሞራ ነው።

ሃናን በኩራት ጠራኋት። መጣች፣ አየች፣ «በጣም ያምራል ጋሼ» አለች። ከዚያ ሜትር አውጥታ ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ አጥሬ ለካችና ፊቷ ጠቆረ። «ርቀቱ አይበቃም» አለች። «የምን ርቀት?» አልሁ። «ማስታወቂያው ላይ አለ እኮ፣ ሁለተኛው ገጽ።» «ሁለተኛ ገጽ የለውም!» ብዬ እጇን ይዤ ወደ በሩ ወሰድኋት። ወረቀቱን በጥፍሯ ላጥ ላጥ አደረገችው። ለካ ጀርባውም ተጽፎበታል! የለጠፈው ሰው ግማሹን ሕግ ከበሬ ጋር አጣብቆታል፤ እኔ ይኸን ሁሉ ወር ግማሽ ሕግ ሳከብር ኖሬአለሁ።

ልጅቱ ክፉ አይደለችም። እዚያው ቆማ ጀርባውን እስከ ታች አነበበችልኝ። አንድ ቀዳዳ አለ። አስፋልቱ ከመምጣቱ በፊት በቦታው ላይ የብረት ሥራ እንደነበረ በሰውና በምልክት ከተረጋገጠ፣ ሥራውም ከዘመድ ለዘመድ የወረደ ወይም በሽያጭ የተላለፈ ከሆነ፣ ርቀቱ ቀርቶለት ባለበት ይቀጥላል። እኔ ግቢውን የከፈትሁት አስፋልቱ ከመጣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት እዚያ ብረት የሠራ ማን እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸ ነው። አባትዎ ሥራውን ከነመሣሪያው ለጎረቤታቸው ለዓለምዬ ሸጠዋል ብለው አንድ ወረቀት ይጻፉልኝ። ሽያጭ ይበሉት። ዘመድ ከማለት ሽያጭ ማለት ይቀላል። ኮሚቴው ላይ ማን እንደተቀመጠ ነግሬዎታለሁ፣ ሠርጉ መቼ እንደሆነም ነግሬዎታለሁ። የቀረውን አላብራራም።

ግቢው ከተነሣ አለቀልኝ። እንደ ሌላው ጊዜ ቀልድ የለበትም።

ገዱ


ደባርቅ፣ መጋቢት 5 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ይርጋለም።

ሰላምዎን እሻለሁ። የላክሁት ደርሶዎት እንደሆነ አላወቅሁም። ስልክ ስደውል አቪሃይ ያነሣና «እማዬ ትጽፍልሃለች» ብሎ ይዘጋል። ኮሚቴው ከፋሲካ በኋላ በአዳራሽ ይሰበሰባል፤ ጉዳዬም ያን ቀን ይቆረጣል። ታመው ከሆነ ይንገሩኝ። ተቆጥተው ከሆነም ይንገሩኝ። ዝም ከሚሉኝ ቢሰድቡኝ ይሻለኛል።

ገዱ


ነታንያ፣ መጋቢት 28 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለዓለምዬ ልጅ ለገዱ።

ሰላም ለቤትህ ይሁን። አልታመምሁም። ተቆጥቼ ነበር፤ በቁጣ የጻፍሁትን ቀድጄ ጣልሁና ሲበርድልኝ ይኸን ጻፍሁ።

አልጽፍልህም። አባቴ ምንም አልሸጠም። ጨርቅ ሸጧል፣ ሸክላ ሸጧል፣ ማረሻ ሸጧል፤ ወናፉንና መስፉን ግን ለማንም አልሸጠም። ለእናትህ ሰጣት፤ የሰጣትም የእህቱ ልጅ ስለሆነች ነው። ይህን ሽያጭ ካልሁት ዓለምዬን በሞተችበት ባዕድ አደረግኋት ማለት ነው። አባቴንም እዚያ አገር ላይ ሁለተኛ ጊዜ አጠፋሁት። አላደርገውም፣ ገዱ።

እውነተኛውን ግን እሰጥሃለሁ። ሕጉ ሰውና ምልክት አይደል የሚፈልገው? ሰው እኔ ነኝ፤ አቪሃይ በስልኩ ያገናኘኛል፣ የጠየቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ። ምልክቱም እዚያው አለልህ። ከኮሶው ዛፍ በታች፣ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ቆፍር። የብረት አር ታገኛለህ፤ ከምድጃው የሚወጣው ጥቁር ድንጋይ መሳዩ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያን ከምድጃ እያወጣ እዚያ ሲደፋ ነው የኖረ። የምትፈልገውን ያህል ነው፣ ታክቶህ ትተወዋለህ።

እየሩስን ፈርተህላት እንደሆነ ይገባኛል። እኔም እናት ነኝ። ነገር ግን የምትደብቀው ነገር ነገ በልጆቿ ላይ በሹክሹክታ ይመጣባታል፤ ዛሬ በአደባባይ ካልኸው ግን ሹክ የሚባል ነገር አይኖርም። አጥር ሠርተህ ዘመድ ሸሽገህ፣ ይኸማ ቂጥ ገልቦ ክንብንብ ነው።

ሌላ የምትልክልኝ፣ የማልክልህም ነገር የለም። የአባቴን ስም በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጥራልኝ። ካልቻልህ ብረትህን ጭነህ ገደል አፋፍ ሂድ። አልቀየምህም አልልህም፤ እቀየምሃለሁ።

ይርጋለም ታገኘ


ደባርቅ፣ ግንቦት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ የአጎት ልጅ፣ ለእናቴ ለይርጋለም።

ትንሣኤውን ያሳየን አምላክ ይመስገን። ደስ ብሎኛልና ዛሬ ሰላምታ አላበዛም፤ ከመነሻው ልንገርዎ።

ደብዳቤዎ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። መጀመሪያ ተናደድሁ። ሁለተኛ አፈርሁ። ሦስተኛ ዶማ አነሣሁ። ከኮሶው ሥር ክንድ ያህል እንደቆፈርሁ ዶማዬ «ቃ!» አለ። እትዬ፣ ጉድ ነው! ያን ሁሉ ዓመት የምራመድበት መሬት ውስጡ ብረት ነበር። በማዳበሪያ እየሞላን እኔና ቻላቸው ሰለቸን። ቻላቸው «ጋሼ፣ ይኸ ሁሉ የማን ነው?» አለኝ። «የአጎቴ ነው» አልሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያልሁት ለዘበኛዬ ነው፣ ይታዘቡኝ። እሱ ደግሞ «አሃ፣ እጅዎ ከዚያ ነው» ብሎ መቆፈሩን ቀጠለ።

ከዚያ እየሩስን አስቀምጬ ሁሉን ነገርኋት። የእናቴን ነገር፣ የአያቴን ነገር፣ የእርስዎን ነገር። ሠርጉ ሊቀር እንደሚችልም ነገርኋት። ልጅቱ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «አባዬ፣ የሚያገባኝ ሰው ዓይኔን የሚፈራ ከሆነ፣ ፈርቶ ይኑር» አለችኝ። ይህን ምላስ ከየት አመጣችው? ከእኛ ነው እንጂ ከየት!

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ የመንገድ ዳር ሰው ሁሉ ጉዳይ አለው። ፊት ለፊት ሃና ተቀምጣለች፣ ከጎኗ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ መቋሚያቸውን ታቅፈው። የብረት አሩን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍሁት። እርስዎም በአቪሃይ ስልክ ቀርበው ሁሉን አስረዱ፤ ምድጃው የት እንደነበረ፣ ወናፉን ማን ይነፋ እንደነበረ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን መስመሩ ስለተቆረጠ አልሰሙትም፣ ለዚህ ነው የምጽፍልዎ።

ሃና ብዕሯን አንሥታ «ታገኘ የተባሉት ሰው ለእርስዎ ምንዎ ናቸው?» አለችኝ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ «ጎረቤቴ» የሚለው ቃል እስከ ጥርሴ መጥቶ ነበር። ዋጥሁት። «አጎቴ ናቸው» አልሁ። «የሴት አያቴ ወንድም። ቤተ እስራኤል ነበሩ። ጠይብ ነበሩ። እዚህ የተቀመጣችሁት ሰዎች አባቶቻችሁ ያረሱት በታገኘ ማረሻ ነው፤ የበላችሁትም ያንኑ ነው። እኔም ብየዳ የሚል ታፔላ ሰቅያለሁ እንጂ በያጅ አይደለሁም። ቀጥቃጭ ነኝ፤ የቀጥቃጭ ዘር ነኝ።» ድምፄ የሚንቀጠቀጥ መስሎኝ ነበር። አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም ሳስበው ጮህሁ መሰለኝ።

ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ሴት የታቀፈችውን ሕፃን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች፤ ከዓይኔ ልታድነው። አየኋት። ልቤን ወጋኝ። ግን አልተቀመጥሁም።

ሃና ጻፈች። «የሥራ ዓይነት ምን ልበል?» አለችኝ። «ጠይብ በይ።» «በዝርዝራችን ውስጥ የለም ጋሼ።» «እንግዲያው አስገቢው» አልኋት። ወደ መሪጌታ ዞር አለች። እሳቸው ቀና አላሉም። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው እሺታቸውን ሰጡና፣ ድምፅ ተሰጥቶ ፈቃዱ እንደጸደቀልኝ፣ መቋሚያቸውን ይዘው ሳያናግሩኝ ወጡ።

ፈቃዱን አገኘሁ፤ እቤቴ ገብቼ ግን እህል አልቀመስሁም። ከመሪጌታ ቤት ሰው አልመጣም። ባለቤቴ የጠመቀችውን ጠላ እያየች ታለቅሳለች። ገበያ ላይ አንዳንዱ ሰላም ይለኛል፣ አንዳንዱ ጫማውን ያያል። እየሩስ ብቻ እየዘፈነች ልብስ ታጥባለች፤ ከሁሉ እሷ ናት አንጀቴን የበላችው።

እንዲህ እንዳለን ባለፈው ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ መሪጌታ ብቻቸውን መጡ። ይግቡ ብንላቸው አልገባም አሉ። በአጥሬ ደጃፍ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ከአንዱ ሚኒባስ የፈታሁት ወንበር አለ፤ እሱ ላይ ተቀመጡ። ከገበያ የሚመለሰው ሰው በፊታቸው ያልፋል፣ የዳባት ታክሲዎች ይመላለሳሉ። «እኅቴ፣ ርቦኛል» አሏት ባለቤቴን። «በዓለ ሃምሳ ነው፣ ጾም የለብኝም። ያለውን አምጪ።»

ዶሮ ነበረ፣ ቀረበላቸው። እኔ ከፊታቸው ቆሜአለሁ። ሊቆርሱ እጃቸውን ሲሰድዱ፣ እናቴ ከልጅነቴ እንዳስተማረችኝ፣ ሰው ሲበላ አንገቴን ወደ መንገዱ አዞርሁ። ሰዉም ይህን አይቶ ቆመ፤ አህያ የሚነዳው አህያውን ይዞ ቆመ።

«ገዱ» አሉኝ መሪጌታ፣ ለአገሩ እንዲሰማ አድርገው። «ወዲህ ዙር። ስበላ እየኝ።»

ዞርሁ። ጎረሱ፤ አየኋቸው። ደግመው ጎረሱ፤ አየኋቸው። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ምኑንም አላየሁም እንጂ፣ አየኋቸው። እንቁላሉን ለሁለት ከፍለው ግማሹን በእጃቸው አጎረሱኝና ባለቤቴን «የሠርጉ ጠላ ደረሰ?» አሏት።

ይኸው ሳምንታቸው ነው። ቁርጠት እንኳ አልነካቸውም።

ገዱ